ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ የፈረድኩት ፍርድ

ይህን የምጽፈው ጆሮው መድከም ጀምሮበት ለማንም ያልተናገረ ሰው ካለ እንዲያነበው ነው። አባቱን «ጃጀ» ብሎ የተወ ልጅም ያንብበው። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ፣ የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር፣ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ስለዚህ አጻጻፌ ሸካራ ቢሆን አትፍረዱብኝ፤ ውሸት ግን የለበትም።

ሰይድ እባላለሁ። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በሚገኝ የቀወት ቀበሌ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት እያመረትኩ ስድስት ልጆች አሳድጌያለሁ። ልጆቼ «አባታችን ጥብቅ ነው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ደግሞ የቦያችን የውሃ አባት ነበርኩ። ከወንዙ ጠልፈን የምናወርደው ውሃ በአንድ ቀን ለሁሉም አይዳረስም። ተራ አለው፤ የአንዱ ማክሰኞ ነው፣ የሌላው ሐሙስ። ተራውን የሚጠብቅ፣ በተራ የተጣሉትንም የሚዳኝ ሰው የውሃ አባት ይባላል። ከእኔ በፊት አባቴ ነበር።

አባቴ አንድ ልማድ አወረሰኝ። በውሃ የተጣሉ ሰዎች ሲናገሩ ዳኛው ጀርባውን ይሰጣቸውና ፊቱን ወደ ቦዩ አዙሮ ይቀመጣል። «ፊት ያየ ያደላል» ይል ነበር። የሀብታሙን ፊት ካየህ ታፍራለህ፣ የድሀውን ካየህ ታዝናለህ፣ የዘመድህን ካየህ ትለሰልሳለህ። ስለዚህ ውሃውን እያየህ ስማ። እኔም ሃያ ዓመት እንዲሁ አደረግሁ። ተናግረው ሲጨርሱ በበትሬ መሬቱን ሁለት ጊዜ እመታለሁ፣ ፍርዴን እናገራለሁ፣ ይበተናሉ። በዚህ ልማድ በጣም እኮራ ነበር። ጉዳቴ የመጣውም ከድክመቴ በኩል አይደለም፤ በምኮራበት በኩል ነው።

ሕመሙ በአዛን ጀመረ። የንጋቱ የሱብሒ አዛን ሳይቀሰቅሰኝ ይቀር ጀመር፤ ባለቤቴ ከድጃ ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። እኔ ምን አልኩ? የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቷል አልኩ። አልኩ ብቻ አይደለም፣ ለኮሚቴው አመለከትኩ። ሁለት ጎረምሶች ጣራ ላይ ወጥተው ማጉያውን ፈትተው ገጠሙት፤ ምንም አላገኙበትም።

«ጋሽ ሰይድ፣ እስከ ካራቆሬ እየተሰማ ነው እኮ» አለኝ አንዱ።

«ለካራቆሬ ሰው ነው እንዴ የሚሰግደው ኢማሙ?» ብዬ ተቆጣሁት። ሰዉ ሳቀ። እኔም በመልሴ ረካሁና ሄድኩ።

ቀጥሎ ልጆቼን ከሰስኩ። የዘመኑ ልጅ አፉን ከፍቶ አይናገርም፣ ያጉተመትማል አልኩ። ከዚያ ስልኩን ከሰስኩ። ሁለት ሰው ሲያወራ እንደምንም እከተላለሁ፤ አምስት ሰው ሲሆን ግን ድምፁ ሁሉ የተነካ የንብ ቀፎ ይሆንብኛል። በዚህ ላይ ጆሮዬ ውስጥ የማይቆም ጩኸት ገባ። ሽንኩርት የማጠጣበት የናፍጣ ሞተር አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠብቄዋለሁ፤ ጥጥ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ አልወተፍኩም። አሁን ሞተሩን አጥፍቼ ቤቴ ስገባም እሱ እዚያው ጭንቅላቴ ውስጥ ይሠራል። ሞተር የምታንቀሳቅሱ ወጣቶች፣ ይህቺን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቧት።

መጀመሪያ የሄድኩት መድኃኒት ቤት ነው፤ ጠብታ ሰጡኝ። ጎረቤት ደግሞ የሞቀ የሰሊጥ ዘይት ጨምርበት አለኝ፤ ጨመርኩና ሦስት ቀን ተቃጠልኩ። አንድ ክሊኒክ ደም መርምሮ «ታይፎይድ ነው» አለኝና መርፌ ተወጋሁ። ሌላው ኩክ ነው ብሎ በውሃ አጠበኝ። ኩኩ ወጣ፣ ድምፁ አልገባም። አልዋሽም፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነው ያደረገልኝ። እኔ ግን ለአንዳቸውም እውነቱን አልተናገርኩም። «አልሰማም» ማለት አፍሬ «ጆሮዬን ይበላኛል» ነበር የምላቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ስንት ጊዜ ሌሎችን መክሬያለሁ።

አንድ ቀንማ ወረፋ ይዤ አግዳሚ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጥኩ። ስም እየተጠራ ሰው ይገባል። ከእኔ በኋላ የመጡት ገቡ፣ ወጡ። በሩ ላይ የምትጠራው ልጅ ወረቀቷን እያየች ስለምትናገር አፏ አይታየኝም። ስሜን ሁለት ጊዜ ጠርታ አልፋ ይሆናል፤ አላውቅም። ብጠይቅ ሰው ሁሉ ደንቆሮነቴን ሊያውቅ ነው። ቀትር ሲሆን ተነስቼ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ለከድጃ «ሐኪሙ የለም» አልኳት። ለሚስቴ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት እሱ ነው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዘሀራና ሐሰን ተካሰው መጡ። ዘሀራ ባሏ የሞተባት፣ ወደ ስድሳ የሚጠጋት፣ አንድ ጥማድ የማትሞላ ማሳ ያላት ሴት ናት። ሐሰን የእህቴ ልጅ ነው፤ ማሳው በቦዩ ከእሷ ማሳ በላይ ነው። የተጣሉት በሐሙስ ውሃ ነው። ሐሰን «ባሏ ሳይሞት ሐሙስን ለእኔ ለቆልኛል» ይላል። ይህን የሰማሁት ሐሰን ድምፁ ጎርናና ስለሆነና ስለሚጮኽ ነው። እሷ ስትናገር እኔ ውሃውን እያየሁ ነበር። ከኋላዬ የሆነ ቀጭን ድምፅ መጣ፣ ቆየ፣ ቆመ። ሌላ ድምፅም ተጨመረ። አንዱንም ቃል አልለየሁትም።

ዞር ብዬ «አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ» ማለት ነበረብኝ። ሃምሳ ሰው ቆሟል። ሃያ ዓመት ዞሬ አላውቅም። ዝም አለች ብዬ ስገምት በትሬን ሁለቴ መታሁና «ሐሙስ የሐሰን ነው» አልኩ።

ዘሀራ አልጮኸችም። እኛ አገር ታላቅ የፈረደውን ፊት ለፊት ማፍረስ ነውር ነው። ሽንኩርቷ ራስ ሳይቋጥር በመጋቢት ደረቀ። ማሳዋን ምርቱን ለሚካፈል አራሽ ለእኩል ሰጠችና እሷ በሰው ማሳ ሽንኩርት ለቀማ ገባች። ሰዉም «ሰይድ ለእህቱ ልጅ አደላ» አለ። ወሬው በከድጃ በኩል ደረሰኝ። እዚህ ላይ ክፉ ሥራዬን ልናገር። አላደላሁም፤ ይህን ለማስረዳት ግን «አልሰማሁም ነበር» ማለት ይጠበቅብኛል። ከደንቆሮ ዳኛ አድሎኛ ዳኛ መባልን መረጥኩና ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቤቴም ተናጋ። ስም ይጠፋብኝ ጀመር። የተነገረኝን እረሳለሁ፤ ሳልሰማው የቀረውን እንደረሳሁት ይቆጥሩታል፣ እኔም እንደዚያው። ታላቁ ልጄ ኡመር የሞተሩን ቁልፍ ከምሰቅልበት ችንካር ወሰደው።

«ቁልፌ የት አለ?» ስለው ከእናቱ ጋር ተያዩ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። እኔና እናቴ በአባቴ ላይ የተያየነው ነው። አባቴ መጨረሻው ላይ ከቤት እየወጣ ማሽላ ውስጥ ይገባና ከሞተ ሰባት ዓመት የሆነውን በሬውን በስሙ ይጠራ ነበር። የእኔም ጊዜ ደረሰ ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቱን ለማንም አልተናገርኩም። ሌሊት ነቅቼ የቦዩን ተረኞች ስም ከላይ እስከ ታች እቆጥራለሁ፤ አንዱ ከጎደለ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ባጃጅ ከኋላዬ መጣ። ማሾ ተሸክሜ በቦዩ ጠርዝ እየሄድኩ ነው። ጥሩንባውን ነፍቷል አሉ፤ ለእኔ የታወቀኝ ጎማው ሊነካኝ ሲል ነው። ስዞር እግሬ አልታዘዘኝም፤ ከነማሾዬ ቦዩ ውስጥ ወደቅሁ። እጄ ተሰበረ። ኡመር ተሸክሞ አወጣኝ። ፊቴ ድረስ ተጠግቶ የተናገረውን ከአፉ አነበብኩት፤ «አባባ፣ አትሰማም አይደል?» ነበር ያለው። ሌላ ቀን ቢሆን በጥፊ እለው ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። ኡመር ያለቅሳል። ሁለት ልጆች ያሉት ሰው።

እጄ ሲጠገን ወይፈን ሸጠን አዲስ አበባ ሄድን። ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብተው ጆሮዬ ላይ መሣሪያ ደፉብኝና ድምፅ በሰማህ ቁጥር ቁልፍ ተጫን አሉኝ። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳልጫን ተቀመጥኩ። በመስታወቱ በኩል ባለሙያዋ ስትጽፍ ትታየኛለች። ብዙ ትጽፋለች።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ማንበብ መቻሌን ስታውቅ መጮኋን ትታ ትላልቅ ፊደል ጻፈችልኝ። ወረቀቱ አሁንም ቁርአኔ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ አለ። የጻፈችው በእኔ አነጋገር እንዲህ ነው። የጆሮዬ የውስጥ ክፍል አልቋል፣ አይመለስም። ጆሮ ሲደክም አእምሮ የተቆራረጠ ድምፅ ሲያሳድድ ይውላል፤ ለማስታወስና እግርን ለመምራት የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል። በዚያ ላይ ሰው የሚለውን የማይሰማ ከሰው ይሸሻል፤ የሸሸ አእምሮ ደግሞ እንዳልታረሰ መሬት ነው። የጆሮ ማሽን ያስፈልጋል፣ ከእሱ ጋር አካልንና አእምሮን አንድ ላይ የሚያሠራ ልምምድ።

ከዚያ የማስታወስ ፈተና ሰጠችኝ። አምስት ቃል ጽፋ አሳየችኝ፣ ሌላ ነገር አሠርታኝ መልሳ ጠየቀችኝ። አእምሮዬ ውስጥ የቀረው አንዱ ብቻ ነበር። «ጃጅቻለሁ?» አልኳት። «አሁን አላውቅም» ብላ ጻፈች። «ስድስት ወር ይሥሩና ይምጡ። ያኔ እናያለን።» ስድስት ወር። ክስ እንደተመሠረተበት ሰው ቀጠሮ ይዤ ወጣሁ።

ማሽኑ የገባ ቀን ልወረውረው ነበር። ሳህን ሲነካካ ብረት ይቀጠቅጣል፣ የከድጃ ነጠላ ጫማ እንደ ፈረስ ኮቴ ያስተጋባል። «ትለምደዋለህ አንተ ሰው» አለችኝ። «እኔንስ አርባ ዓመት ለምደኸኝ የለ።»

ልምምዱ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ፣ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን። ጆሯችን የደከመ ዘጠኝ ሽማግሎችና ባልቴቶች ነን። የምታሠራን ሲስተር የሺ ናት፤ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ቁመቷ አጭር፣ ትእዛዟ ረጅም። የመጀመሪያ ቀን መሬት ላይ በኖራ መስመር አሰመረችና «ጋሽ ሰይድ፣ ተረከዝዎን ከጣትዎ እያስነኩ በመስመሩ ይሂዱ። እየሄዱም ከመቶ ጀምረው ሦስት ሦስት እየቀነሱ ይቁጠሩ» አለችኝ።

«ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው አይከብድዎትም።»

መቶ፣ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና አራት ብዬ ስቆም እግሬም ቆመ። እግሬን ሳነሳ ቁጥሩ ጠፋ። ቁጥሩን ስፈልግ ከመስመሩ ወጣሁና የኒሙን ግንድ ያዝኩ። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው ጋሽ ታደሰ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሳቀብኝ። «ሰይድ፣ መሪህ ልል ነው! እስቲ ጎማህንም አስመርምር።» የእሱ ተራ ሲደርስ ሰማንያ ስምንት ላይ ወጥቶ በቂጡ ተቀመጠ፤ ያኔ እኔ ሳቅሁ። ለካ ከሳቅሁ ዓመት አልፎኛል።

እጅ ሳንጠቀም ከወንበር እየተነሳን የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንቆጥራለን። ክብ ሠርተን ከካልሲ የተሠራ ኳስ እንወራወራለን፤ የያዘ ሁሉ የእህል ስም ይናገራል፣ የተባለ አይደገምም። በሳምንቱ ጡንቻዬ ታመመ፤ በወሩ ደረጃ ስወጣ ግድግዳ መያዝ ተውኩ። የማይመስል ነገር ነው፣ ግን እውነት ነው።

ከዘጠኛችን አንዷ ዘሀራ ናት። የመጀመሪያ ቀን ሳያት ልመለስ ነበር። የግራ ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም። ገና ስትገባ ለሁሉም «በግራዬ ድንጋይ ነኝ፣ በቀኜ ኑ» አለች፤ እንደ ሰላምታ ነው የምትናገረው። እኔ ስንት ዓመት የደበቅሁትን እሷ በሩ ላይ ተናገረችው። ሰላም አለችኝ፣ ሰላም አልኳት። ከዚያ ያለፈ ንግግር ሳይኖር ሁለት ወር ኳስ ስንወራወር ከረምን።

ነሐሴ ላይ ሲስተር የሺ አዲስ ልምምድ አመጣች። ሁለት ሁለት ሆነን ፊት ለፊት እንቀመጣለን። አንዱ በጥቂት ዓረፍተ ነገር የሆነ ነገር ይናገራል፤ ሌላው አፉን እያየ ይሰማል፣ ከዚያ በቃሉ ይደግማል። ያልሰማ «አልሰማሁም» ይላል፤ መገመት ክልክል ነው። እኔን ከዘሀራ ጋር አስቀመጠችኝ።

«ከወንድ ጋር አድርጊኝ» አልኳት። «የሰው ሴት አፍ ማየት ደግ አይደለም።» ይህን ያልኩት ለዲን ብዬ ብቻ አልነበረም፤ ፈርቼም ነው።

ሲስተር የሺ ሳትመልስ ዘሀራ ቀደመች። «ጋሽ ሰይድ፣ ስድሳ ዓመት ሆኖኛል፤ አፌ ላይ ምን አለ ብለው ነው? ሁለት ጥርስ።» ሻሿን አጥብቃ ወንበሯን አስጠጋች። ጋሽ ታደሰ ሊስቅ ሲል ፊቷን አይቶ ተወው።

ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል።

«ባሌ ታሞ ተኝቶ ነበር። ሐሙስን ለሐሰን ያዋሰው ለአንድ በጋ ነው። በምትኩ ሐሰን ማሾዬን ሊያርስልኝ ነበር፤ አላረሰልኝም። ሲዋዋሉ ሸምሱና አደም ቆመው ነበር። ሸምሱ ያን ቀን ከእኔ ጋር መጥቶ፣ ከጀርባዎ ቆሞ፣ አዎ ነበርኩ አለ።» ከዚያ «ይድገሙት» አለችኝ።

አንድም ቃል አልጎደለብኝም። ማሽኑ አለ፣ አፏ ከፊቴ ነው። ያን ቀን ከኋላዬ የመጣው ቀጭን ድምፅ ይህ ነበር። የተጨመረው ሌላ ድምፅ ምስክሯ ነበር። ዓይኔን ከአፏ አንስቼ በትሬን ፈለግሁ። ሲስተር የሺ መጣችና «አልሰሙም ጋሽ ሰይድ?» አለችኝ። ስለ ውሃው ምንም አታውቅም። «አልሰማሁም» ብዬ ዋሸሁና በትሬን አንስቼ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ቀረሁ። ለከድጃ ዝናቡ ነው አልኳት። በሦስተኛው ሳምንት ማሽላውን ስትወቅጥ ቆይታ ሙቀጫውን ተወችና ፊቴ መጥታ ተቀመጠች። አሁን ሁሉም ሊያናግረኝ ሲል ፊቴ ይቀመጣል።

«ጥር ላይ ዘሀራ ስትናገር አልሰማህም ነበር» አለችኝ። አልጠየቀችኝም፣ ነገረችኝ።

«ማን አለሽ?»

«በትርህ። ሸምሱ ተናግሮ ሳይጨርስ መታህ። አንተ ደግሞ ሰው ሳይጨርስ መትተህ አታውቅም። ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አየሁህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የኡመር አባት፣ ያኔ ማን ይነግርሃል?»

ቀኑን ቆጠርኩ። የቦይ ጠረጋ ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ያመጣውን ደለል ሁሉም ተረኛ አካፋ ይዞ ወጥቶ ይጠርጋል፤ በዚያው ቀን የዓመቱ ተራ ይጸናል። ያን ቀን ካለፈ ሐሙስ ደግሞ ለአንድ ዓመት የሐሰን ነው፤ ዘሀራም ሌላ በጋ በሰው ማሳ ልትለቅም ነው። ከተናገርኩ ግን ሃያ ዓመት የፈረድኩት ሁሉ ይጠረጠራል። «ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማው?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? እኔም በትክክል አላውቀውም። የስድስት ወሩ ቀጠሮም ገና አልደረሰም፤ ምናልባት ጃጅቼ ይሆናል፣ ምናልባት የጃጀ ሰው ነው የሚናገረው ይሉ ይሆናል።

ወደ ልምምዱ ተመለስኩ። ዘሀራ አልጠየቀችኝም፤ ሲስተር የሺም ከጋሽ ታደሰ ጋር አስቀመጠችኝ። በየማለዳው ደግሞ በቦዩ ጠርዝ ተረከዜን ከጣቴ እያስነካሁ እሄዳለሁ፤ በቁጥሩ ፈንታ የዘሀራን አምስት ዓረፍተ ነገር እደግማለሁ። ኡመር ከሩቅ እያየኝ አንድ ቀን ተጠጋና «አባባ፣ ምን እያልክ ነው ከንፈርህ የሚንቀሳቀሰው?» አለኝ። ነገርኩት። ከልጆቼ ለአንዱ ጥፋቴን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ከኪሱ የሞተሩን ቁልፍ አውጥቶ ሰጠኝ።

የጠረጋው ቀን ደረሰ። ደለሉ ወጥቶ፣ ሰዉ አካፋውን ተደግፎ፣ «ተራው ይጽና» ተባለ። እኔ ሁልጊዜ እንደማደርገው ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴ ወደ ውሃው ነበር። እጄን ሳላስደግፍ ተነሳሁ፤ ኒሙ ሥር እንደተለማመድኩት። ዞርኩ። የሃምሳ ሰው ፊት በአንድ ጊዜ አየሁ።

«ጥር ላይ የፈረድኩት ፍርድ ፍርድ አልነበረም» አልኩ። «ዘሀራ ስትናገር አልሰማሁም። ምስክሯንም አልሰማሁም። ጆሮዬ አይሰማም፤ ደብቄያችሁ ነበር።»

ሐሰን አካፋውን ጣለ። «ጋሼ፣ ያቺ ማሽን ናት ይሄን የምታስወራዎት? ካላደሉ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ?»

«አፍሬ» አልኩት።

ሰዉ መንጫጫት ጀመረ፤ ድምፁ ቀፎ ሆነብኝ፣ ማንም ምን እንደሚል አልለየሁም። እጄን አነሳሁ። «አንድ በአንድ፣ ፊቴ እየመጣችሁ» አልኩ። ያን ጊዜ ዘሀራ ሰዉን ከፍላ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«የነገርኩዎትን ሰምተውት ነበር?»

«ሰምቼው ነበር።»

«እንግዲያው ይድገሙት።»

ደገምኩት። ባሏ ታሞ እንደነበር፣ ለአንድ በጋ እንደሆነ፣ በምትኩ ማሾ ሊታረስላት እንደነበር፣ እንዳልታረሰ፣ ሸምሱ ያን ቀን ከጀርባዬ ቆሞ አዎ እንዳለ። ጨረስኩ። ዘሀራ አልተንቀሳቀሰችም።

«አደምን ረሱ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በየማለዳው ያልጎደለው ስም ያን ቀን ጎደለ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩና አደምን ጨምሬ ደገምኩት። ሸምሱ ወጥቶ ፊቴ ቆመና መሰከረ፤ አደምም ተከተለው። ሐሰን መሬት መሬቱን እያየ «ለአንድ በጋ ነበር» አለ። አፉን ስላላየሁት አልሰማሁትም፤ ዘሀራ ናት ደግማ የነገረችኝ። ሐሙስ ወደ ዘሀራ ተመለሰ።

በትሬን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩ። «አይሆንም፣ አንሳው» ብለው ለመኑኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልለመኑኝም። ሸምሱን የውሃ አባት አደረጉት። ሸምሱ ደግሞ መጀመሪያ ያወጣው ሕግ ዳኛው የተናጋሪውን ፊት እንዲያይ፣ ከመፍረዱም በፊት የሰማውን ጮክ ብሎ እንዲደግም ነው። ሕጉ ከማን እንደመጣ አልተናገረም፤ እኔም አላነሳሁበትም።

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ከአምስቱ ቃል አራቱን ያዝኩ። ሐኪሟ «በብዙ ተሻሽለዋል፤ እንከታተላለን» ብላ ጻፈችልኝ። አልጃጁም አላለችኝም። ጆሮዬም እንደሆነው ነው፤ ማሽኑን ሳወልቅ ሞተሩ አሁንም ጭንቅላቴ ውስጥ ይሠራል። እንደ አባቴ መጨረሻዬ ማሽላ ውስጥ ይሁን አይሁን አላህ ያውቃል። እግሬ ግን ከመስመሩ አይወጣም፤ ከሰውም አልሸሽም። ልምምዱን የተወ ሰው ሲመለስ ከዜሮ እንደሚጀምር በሁለቱ ሳምንት ስላየሁት አንድ ቀን አልቀርም።

ባለፈው ሐሙስ በቦዩ ጠርዝ ስሄድ ዘሀራ ማሳዋ ውስጥ በአካፋ ውሃ እየመለሰች ነበር። ሽንኩርቷ አንድ ስንዝር ሆኗል። ቀና ብላ አየችኝና የሆነ ነገር ተናገረች። ውሃው ይጮኻል፣ ነፋስ አለ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ። ድሮ ቢሆን እጄን አንስቼ፣ እንደሰማ ሰው ራሴን ነቅንቄ አልፍ ነበር።

ቦዩን ተሻገርኩ። ፊቷ ድረስ ሄጄ ቆምኩ።

«አልሰማሁም ዘሀራ» አልኳት። «ድገሚልኝ።»